ኮሚክ ለማፋጠን ሥዕል ስናቀልል የምንሠራቸው ስህተቶች

ኮሚክ የሚሠራ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ስሌት ላይ መድረሱ አይቀርም። 20 ገጽ ያለው ታሪክ አለ እንበል። በየገጹ ስድስት ፓነል (በመስመር የታጠረ አንድ አንድ ሥዕል) ቢኖር 120 ፓነል ይሆናል። ዋናዋ ገጸ ባህርይ በ100ው ላይ ትታያለች። የለበሰችው ሸሚዝ አምስት ቁልፍ አለው። እንግዲህ 500 ቁልፍ ልንስል ነው። ቁልፎቹ ደግሞ ለታሪኩ ጠብ የሚያደርጉለት ነገር የለም። "ኧረ ሥዕሌን ላቅልለው" የሚባለው ያኔ ነው።

ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ብዙዎች መቀነስ የሌለበትን ይቀንሱና ሰዓት የሚበላውን እንዳለ ይተዉታል። ደጋግመው የሚታዩትን ስህተቶች እንያቸው።

ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ሳያውቁ መቀነስ

"ሥዕሌ ቶሎ አያልቅልኝም" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ፊትን ነው። አፍንጫ ይጠፋል፤ ዓይን ነጥብ ይሆናል። ግን ፊቱ የሚወስደው አምስት ደቂቃ፣ ጥላው 40 ደቂቃ፣ ከኋላ ያለው ሕንጻ ደግሞ አንድ ሰዓት ቢሆንስ? ከአምስት ደቂቃ ላይ ሁለቷን ለማትረፍ ሲባል ታሪኩን የሚሸከመው ነገር ሄደ ማለት ነው።

አንድ ገጽ ስትሠሩ ሰዓት ያዙ። ለረቂቁ ስንት ደቂቃ ሄደ? ለእርሳሱ፣ በቀለም መስመሩን ለማውጣት፣ ለጥላው፣ ለጽሑፉስ? እጃችሁ ቆሞ ወረቀቱን ያያችሁበትን ጊዜም መዝግቡ። ይሄኛው ትንሽ ሳያስደነግጣችሁ አይቀርም። ብርሃኑ ከየት ይምጣ? ይህ እጥፋት እስከ የት ይውረድ? ጸጉሯ ከኋላ ሲታይ ምን ይመስላል? እጅ የሚቆመው እነዚህ ሁሉ ገና ስላልተወሰኑ ነው። ሥዕል ማቅለል ስል በዋናነት እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ፣ አንዴ፣ መልሶ መገላገል ማለቴ ነው። የመስመር ቁጥር ማነስ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ጥላን እንውሰድ። "ጥላ አልሠራም" አንድ መልስ ነው። "ጥላ ከአገጭ ሥር ብቻ፣ ሁልጊዜ ድፍን ጥቁር" ሌላ መልስ ነው። ሁለቱም ያፈጥናሉ። የሚያዘገየው "እንደ ሁኔታው እናያለን" የሚለው ነው።

ቀላልን ከጥድፊያ ጋር ማምታታት

ጥቂት መስመር ያለው ሥዕል መደበቂያ የለውም። በ50 መስመር በተሠራ ፊት ላይ አንዱ ቢንሸራተት ማንም ልብ አይለው። በሰባት መስመር በተሠራ ፊት ላይ ግን አንዷ በሚሊሜትር ስትዛነፍ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል።

ቻርልስ ሹልዝ "ፒናትስ" የተባለውን ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2000 ድረስ ያለ ረዳት ሠዓሊ ሠርቶታል። በድምሩ 17,897 ክፍሎች ናቸው። የዋናው ገጸ ባህርይ የቻርሊ ብራውን ፊት ምን አለው? ክብ ራስ፣ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ ግንባሩ ላይ የተጠማዘዘች ጸጉር። እስቲ ሞዴሉን ሳታዩ ሳሉት። ሕፃን ልጅ የሚስለው ይመስላል፤ የሚወጣው ግን የእሱ ዘመድ እንጂ እሱ አይደለም።

ስለዚህ ከመስመር ቅነሳ ያተረፋችሁትን ጊዜ በሙሉ ኪስ ውስጥ አትክተቱት። ከፊሉ የቀሩትን መስመሮች ቦታቸው ላይ ለማሳረፍ ይውላል። የተቻኮለ መስመርና ጥቂት መስመር ለአንባቢ ዓይን በጣም የተለያዩ ናቸው።

የሌላ ሰውን ቀላል ሥዕል እንዳለ መገልበጥ

ከሹልዝ ሳንርቅ፦ ቻርሊ ብራውን መጀመሪያ ሲወጣ ሸሚዙ ላይ ያ የሚታወቅበት ዚግዛግ መስመር አልነበረም። የመጣው በዚያው በ1950 ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ውሻው ስኑፒም መጀመሪያ ላይ በአራት እግሩ የሚሄድ ተራ ቡችላ ነበር። ዛሬ ለእኛ "ያ ቀላል ስልት" የሚመስለን ነገር ለዓመታት ሲደጋገም እጅ እየጠረበው የመጣ ነው። መጨረሻውን ብቻ ቆርጣችሁ ስትወስዱ፣ ሌላ ሰው ለራሱ ችግር ያገኘውን መልስ ነው የምትወስዱት። በአራት ፓነል ለሚያልቅ ቀልድ የተሠራ ፊት 200 ገጽ የሚሄድ የወንጀል ታሪክ ላይችል ይችላል።

ሌላው ወጥመድ የ"ቲንቲን" ኮሚክ ሠዓሊ ኤርዤ ነው። የቲንቲን ፊት እጅግ ቀላል ነው። ይህን አይቶ "እኔም በዚህ መንገድ ልሂድ" የሚል ብዙ ነው። ግን ከቲንቲን ጀርባ ያሉትን መኪኖች፣ መርከቦችና ሕንጻዎች አይታችኋል? በጥንቃቄ ተጠንተው የተሳሉ ናቸው። ኤርዤ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ረዳቶች የሚሠሩበት የራሱ ስቱዲዮ ነበረው። ማታ ማታ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ያ ስልት ፊቱ ቀላል፣ ገጹ ከባድ ነው።

የራሳችሁን ማቅለያ ለማግኘት አንዲት ገጸ ባህርይ መርጣችሁ ደጋግማችሁ ሳሏት። ከፊት፣ ከጎን፣ ተቀምጣ፣ ሮጣ፣ ተናዳ። በቶሎ። እየደከማችሁ ስትሄዱ እጃችሁ በራሱ ጊዜ የሚዘላቸው ነገሮች ይኖራሉ። ሲዘለሉም እሷነቷ ካልጠፋ፣ በቃ፣ መቅረት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።

ስሜት የሚሸከመውን ማጥፋት

ከሁሉም ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል።

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ "ደብዳቤውን እኔ አላየሁትም" ትላለች። ይህን ስትል ዓይኗ ለአፍታ ወደ መሳቢያው ሰረቅ ይላል። ዓይኗ ነጭና ጥቁር ካለው ጉዳዩ በአንድ ፓነል ያልቃል። ጥቁሩን ወደ ጥግ ገፋ ማድረግ ነው። ዓይኗ ነጥብ ከሆነስ? ነጥብ አቅጣጫ የለውም። ራሷን ወደ መሳቢያው ታዞሯታላችሁ፤ ራሷን ካዞረች ደግሞ መስረቋ ቀረ፣ በግልጽ ማየት ሆነ። ወይም መሳቢያውን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ፓነል ትጨምራላችሁ። ዓይን ላይ ጥቂት ሴኮንድ ቆጥባችሁ አንድ ሙሉ ፓነል ከፈላችሁ።

ይህ ማለት ነጥብ ዓይን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሩጫ፣ ግጭት፣ ቀልድ የበዛበት ታሪክ በነጥብ ዓይን ሸጋ ሆኖ ይሄዳል፤ ስሜቱን ሰውነት ይናገረዋል። በዝምታና በመተያየት የሚሄድ ታሪክ ግን ዓይኑን ይፈልጋል። አንድን ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪፕታችሁን አንብቡና ታሪኩ ስሜቱን በምን እንደሚያስተላልፍ አጣሩ።

ቅንድብን ግን አትንኩ። ሁለት አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ ቁጣውንም፣ ጥርጣሬውንም፣ ሐዘኑንም ይሸከማሉ። ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚሠራ የፊት ክፍል የለም። ለምን ከመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች አንዱ እንደሚሆን አይገባኝም።

እጅ ላይ ደግሞ ለቀቅ ማለት ይቻላል። የአኒሜሽን ሰዎች አራት ጣት ይዘው አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ተመልካቹ ቅሬታ አላቀረበም። ገጸ ባህርያችሁ በምልክት ቋንቋ የምታወራ ወይም ፒያኖ የምትጫወት ከሆነች ግን አምስቱንም ጣት መልሱላት።

ሁሉንም ሰው አንድ ማስመሰል

ዝርዝር ሲቀነስ በመጀመሪያ የሚጠፋው የሰዎች ልዩነት ነው። አፍንጫና ጉንጭ ለያይቷቸው የነበሩ ሰዎች ድንገት መንትያ ይሆናሉ። ከዚያ ሠዓሊው በልብስ ሊለያቸው ይሞክራል፤ ወደ ቁልፎቹ ተመለስን።

ገጸ ባህርያቱን ጎን ለጎን አቁሟቸውና ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ቀቧቸው። ማን ማን እንደሆነ መለየት ካልቻላችሁ ቁመታቸውን፣ የትከሻቸውን ስፋት፣ የራስና የጸጉራቸውን ቅርጽ አራርቁት። ትልልቅ ቅርጾችን መለያየት በእያንዳንዱ ፓነል ላይ ተጨማሪ መስመር አይጠይቅም።

ባክግራውንድን ጨርሶ መተው

ባክግራውንድ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ይቆረጣል። ሁለት ገጽ ሙሉ ባዶ ነጭ ላይ የሚያወሩ ራሶች ይመጣሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንባቢው እነዚህ ሰዎች ቢሮ ይሁኑ መንገድ ላይ አያውቅም።

"ናንሲ" የተባለው ኮሚክ ሠዓሊ ኧርኒ ቡሽሚለርን የሚያደንቁ ሰዎች ስለ ሦስት ድንጋዮቹ ማውራት ይወዳሉ። መሬቱ ድንጋይ እንዳለበት ለማሳየት ሦስት ድንጋይ ይስላል። አንድ ቢሆን ለብቻው ትርጉም ያለው ነገር ይመስላል፤ ሁለትም ቢሆን "እዚህ ድንጋዮች አሉ" አይልም። አራት ደግሞ ትርፍ ነው።

ለእያንዳንዱ ትዕይንት እንዲህ ያለች ትንሽ ምልክት ምረጡለት። ሐኪም ቤት ከሆነ የአልጋው ራስጌና የመድኃኒት ማንጠልጠያው ይበቃል። ትዕይንቱ ሲከፈት ቦታውን አንዴ በደንብ አሳዩ፤ እዚያ ላይ አትሰስቱ። ከዚያ በኋላ ምልክቷ በየገጹ አንዴ ብቅ ካለች አንባቢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ ለቦታው አንድ የተወሰነ ቀለም ስጡት፤ ባዶ ፓነል እንኳ ያንን ቀለም ከያዘ ቦታውን ያስታውሳል።

ዙም አድርጎ መሳል

ታብሌት ላይ ዙም አድርጎ ሽፋሽፍት መደርደር ደስ ይላል። አንባቢው በስልክ ሲያየው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ገጹ የሚነበብበትን መጠን እወቁና ቶሎ ቶሎ ወደዚያ መጠን ተመለሱ። እዚያ ላይ የማይታይ ነገር አይሳል። ብሩሽም አታብዙ፤ አንድ ለሰው፣ አንድ ለባክግራውንድ ይበቃል። መቼም ብሩሽ ሲቀያይሩ መዋል ሥራ የመሥራት ስሜት ይሰጣል።

ኮፒ ፔስትን ያለ ልክ መጠቀም

መስኮት፣ ወንበር፣ የመኪና ጎማ ኮፒ አድርጉ፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ፊት ላይ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። አንድ ፊት ለአራት ፓነል ሲደገም "ይህ ሰው ምንም አልመሰለውም" የሚል መልእክት ይወጣል። ለቀልድ ይህ ወርቅ ነው። እናቱ መሞቷን እየሰማ ላለ ሰው ግን ታሪኩን ይገድለዋል። ቢያንስ ቅንድቡንና አፉን በየፓነሉ አዲስ ሳሉ።

ሥዕሉን አቅልሎ ስክሪፕቱን እንዳለ መተው

በቀላል ስልትም ቢሆን 40 ፈረሰኛ 40 ፈረሰኛ ነው። ትልቁ ቁጠባ ያለው እርሳስ ከመነሳቱ በፊት፣ በረቂቁ ላይ ነው። ይህ ፓነል በእርግጥ አምስት ሰው ይፈልጋል? ጦርነቱን ከማሳየት የሚያየውን ልጅ ፊት ማሳየት አይበቃም? ብስክሌቱ ግዴታ ነው? ብስክሌት ከየትኛውም ማዕዘን ከባድ ነው፤ በእግሩ ይሂድ።

አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ዋሊ ዉድ ለዚህ የሚሆኑ ንድፎች ትቶ አልፏል። ሰዎች ቁጭ ብለው ብቻ የሚያወሩባቸው አሰልቺ ገጾች ላይ የሚያገለግሉ 22 የፓነል ዓይነቶች ናቸው። በአንድ ገጽ አሰባስቦ ያቀናጃቸው ረዳቱ የነበረው ላሪ ሃማ ነው። አንዱ ፓነል ትልቅ ራስ ብቻ ነው። ሌላው የራስ ኋላ። ሌላው ሙሉ ጥቁር ቅርጽ፣ ሌላው አንድ ትልቅ ዕቃ፣ ሌላው ከሩቅ የሚታይ ትንሽ ሰው። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ ለመሳል ቀላል ናቸው፤ ገጹን ግን ሕይወት ይሰጡታል። የራሳችሁን አሥር ያህል መርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ረቂቅ ስትሠሩ "አሁን ምን ልሳል?" የሚለው ጥያቄ "ከነዚህ የትኛው?" ወደሚለው ይወርዳል።

ስልቱን በጥሩ ቀን መወሰን

ገጽ አንድ የሚሳለው በጉጉት ነው። እንቅልፍ ጠግበናል፣ ሙዱ አለ፣ ጊዜ አለ። የዚያን ቀን የወሰንነውን የጸጉር ዝርዝር ገጽ 14 ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ዓይናችን እየተከደነ ልንደግመው ነው። አንችልም። አንባቢው ከገጽ ገጽ እየሳሳ የሚሄድ ሥዕል ያያል። ከመጀመሪያው ቀለል ብሎ ቢጀምር ማንም ምንም አይልም ነበር።

አዲስ ስልት ስትሞክሩ የታሪኩን በጣም ከባድ ፓነል መጀመሪያ ሳሉ። ደክሟችሁ ባለበት ምሽት። ያ ከወጣላችሁ ሌላው ይወጣል። ከዚያ የተወሰነውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩ፦ የገጸ ባህርይዋ ፊት በሦስት ማዕዘን፣ የመስመሩ ውፍረት፣ የጥላው ቦታ፣ የሸሚዟ ቅርጽ። ቁልፍ የሌለው።

ወደ ኋላ ተመልሶ መሳል

ስልቱ እየቀለለ ሲሄድ የድሮ ገጾች ያሳፍራሉ። "የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና ልሥራው" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህን ተቋቋሙት። እሱን ስታድሱ ሁለተኛው ያረጅባችኋል፤ እሱንም ስትነኩ ታሪኩ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ለውጥ ማስገባት ካለባችሁ ምዕራፍ እስኪያልቅ ጠብቁና የሚቀጥለውን በአዲሱ ጀምሩት። የድሮዎቹ ላይ የሚስተካከል ነገር ካለ የማይነበብ ጽሑፍና የተሳሳተ ስም ነው። ሌላው ይቆይ።