በቫኪዩም የሚነሣን የፊት መብራት ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚነዱ የቆዩ መኪኖች

የፊት መብራታቸው በማይበራበት ጊዜ ከሚሸሸግ የቆዩ መኪኖች መካከል አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው ሦስተኛው ትውልድ ኮርቬትና የ1960ዎቹ ሎተስ ኤላን፣ መብራቱን የሚያንቀሳቅሱት ኤንጂኑ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኪዩም ነው። ቫኪዩም ግን በራሱ የሚገፋ ኃይል አይደለም፤ መብራቱን በዘንግ የሚያነሣውን ስስ የጎማ ሽፋን (ዲያፍራሙን) የሚገፋው በውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው፤ ይህም ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ የሆነው ግፊት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ወደ 72 ይወርዳል። የቫኪዩም መለኪያ ጌጅ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት አንድ ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ 18 ወይም 19 የሚያነብ ጤነኛ ኤንጂን ደብረ ብርሃን ላይ 9 ወይም 10 ቢያነብ ሕመም አለበት አይባልም። መብራቱ ግን ከፋብሪካው በተሰጠው ኃይል ግማሽ ብቻ እንዲነሣ ይገደዳል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ነዳጁ ተረግጦ ስለሚሄድ፣ ያለው ቫኪዩም ራሱ ይደክማል። አምራቾቹ ለዚህ ሲሉ ማጠራቀሚያ ታንክና መመለሻ የሌለው ቫልቭ አድርገዋል፤ የኤላን ታንክ እንዲያውም የሻሲው የፊት ተሻጋሪ ብረት ስለሆነ፣ ያ ብረት በዝገት ከተበሳ ታንኩ አየር አይይዝም። ጉም በሸፈነው ዳገት ላይ ወይም ዋሻው ውስጥ መብራቱ ቢሸሸግ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ አዲስ ዲያፍራም እያስመጡ ደጋግሞ ከመቀየር ይልቅ ሥራውን ለኤሌክትሪክ ሞተር ማስረከብ ለዚህ አካባቢ የተሻለ መፍትሔ ነው።

በቅድሚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ከዚያም ወደ መብራቱ የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ መነሻው ድረስ ይከተላል፤ ከኤንጂኑ የሚወጣበት ቀዳዳም አየር በማያስገባ ክዳን ይደፈናል፤ ካልተደፈነ ኤንጂኑ ትርፍ አየር ስቦ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ሰርቮው (የሾፌሩን እግር የሚያግዘው ክፍል) ቱቦም ከዚያው ኤንጂን ስለሚነሣ ፈጽሞ መነካት የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1972 በተሠሩት ኮርቬቶች የዝናብ መጥረጊያው ክዳንም በቫኪዩም ስለሚከፈት፣ የእርሱ መስመር ለብቻው ተለይቶ ይቀራል። የወጡት ዲያፍራሞችና ቱቦዎች ባይሠሩም አይጣሉ፤ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው የፋብሪካውን ዕቃ ሙሉ ሆኖ ማግኘት ይፈልጋል።

ሞተር ሲመረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በእጁ ያለውን ነው። የመጥረጊያ ሞተር ጉልበት አለው፤ ነገር ግን በራሱ የሚቆመው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ለመነሣትና ለመውረድ ሁለተኛ መቆሚያ ሊሠራለት ይገባል። የትልቅ ዲሽ ማዞሪያ በትር ቅርጹ ቢያጓጓም አብዛኛውን ጊዜ በ36 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ በመኪና ባትሪ እየተጎተተ ይሄዳል። የበር መቆለፊያ ሞተር ደግሞ ጉዞው አጭር፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው። የሚመረጠው በውስጡ ባለ ጥርስ ብሎን በትር የሚያወጣና የሚያስገባ፣ በሁለቱም ጫፍ ራሱን የሚያቆም ማብሪያ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ የ12 ቮልት አክቹዌተር ነው። ትልቁ ጥቅሙ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ብሎኑ ባለበት ቆልፎ መቅረቱ ነው። የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብም የበራ መብራት ኃይል ቢቋረጥበት ተከፍቶ እንዲቆይ፣ ሲታዘዝም በ3 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ያዛል፤ አክቹዌተር ሲገዛ ፍጥነቱን በዚህ መመዘን ተገቢ ነው።

የሚያስፈልገውን ጉልበት በግምት መወሰን አይገባም። የዲያፍራሙ ዘንግ ይታሰርበት በነበረው ቦታ ላይ የማንጠልጠያ ሚዛን ይታሰርና መብራቱ እስኪነሣ በቀስታ እየተሳበ ከፍተኛው ንባብ ይያዛል፤ በዚያው ጊዜ ነጥቡ ስንት ሚሊሜትር እንደተጓዘ ይለካል። የሚገዛው አክቹዌተር የተነበበው ኃይል እጥፍ ቢኖረው ይመረጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ክዳኑን ሲያጣብቀውና ግራሶው ሲጠጥር ትርፉ ያኔ ይፈለጋልና። ከእጥፍ በላይ ማብዛት ግን ክዳኑን የሚያጣምምና ጣት የሚቀጠቅጥ ጉልበት መግዛት ነው። ከሁሉ በፊት ማጠፊያዎቹ ታጥበው በቀጭን ግራሶ ይለስልሱ፤ የተጣበቀ ማጠፊያን በጠንካራ ሞተር ማሸነፍ ሞኝነት ነው።

የሥራው ዋና ጥበብ ያለው በማቆሚያው ላይ ነው። መብራቱ በተነሣ ጊዜ የት እንደሚቆም የሚወስነው አክቹዌተሩ ሳይሆን የፋብሪካው ማስተካከያ ብሎን መሆን አለበት፤ አለዚያ መንገዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጨረሩ ይወዛወዛል። አክቹዌተሩ ደግሞ የውስጥ ማብሪያው ላይ ሳይደርስ ብሎኑ ላይ ከተደገፈ እየገፋ ይቆማል፤ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ወይም ራሱ ይቃጠላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው በትሩና ክንዱ በሚገናኙበት ላይ የሚገባ ጠንካራ የጎማ ቡሽ ነው፦ መብራቱ ብሎኑን ይነካል፣ በትሩ ጎማውን ጥቂት ሚሊሜትር ጨምቆ የውስጥ ማብሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም ይቆማል። መያዣው ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ ይሠራል፤ የማገናኛው ፒንም ያለ መሣሪያ በእጅ የሚነቀል ይሁን፤ በሌሊት ብልሽት ቢደርስ ሾፌሩ ፒኑን ነቅሎ መብራቱን በእጁ ማንሣት ይችላል።

ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ባለ አምስት እግር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያቀያይር ማብሪያ) ይመደባል፤ የግራውና የቀኙ ተለይተው ቢታሰሩ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል። በእግሮቹ አጠገብ በተጻፉት ቁጥሮች መሠረት የሁለቱም ሪሌ 86 ቁጥር ከመብራት ማብሪያው፣ 85 ቁጥር ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። በመጀመሪያው ሪሌ 87 ፖዘቲቭ፣ 87ኤ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ በሁለተኛው ተገላቢጦሽ ይታሰራል፤ የሁለቱ 30 ቁጥሮች ወደ አክቹዌተሩ ሁለት ሽቦዎች ይሄዳሉ። ማብሪያው ሲበራ ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲጠፋ ወደ ሌላው ይዞራል፤ በተቃራኒው ከሠራ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል። አንዱ ሪሌ ቢጣበቅ እንኳ ሁለቱም ሽቦዎች ተመሳሳይ ዋልታ ላይ ስለሚውሉ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ሾርት አይፈጠርም። ፖዘቲቩ በቀጥታ ከባትሪው፣ ባትሪው አጠገብ በተቀመጠ ፊውዝ በኩል ይመጣል፤ ፊውዙ የሚመረጠው አክቹዌተሩ ሲጫን የሚወስደው አምፒር በቴስተር ተለክቶ ነው።

ሪሌ ሲገዛ መካከለኛው እግር 87ኤ የሚል መሆኑ ይረጋገጥ። በገበያ ላይ መካከለኛው እግር እንደ ውጪው ራሱ 87 የሆነ ባለ አምስት እግር ሪሌ አለ፤ እርሱ በዚህ አሠራር ከገባ መብራቱ በተበራ ቅጽበት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይገጥማሉ። የማብሪያው ምልክትም ረጅምና አጭር መብራት ከሚለይበት መቀየሪያ በፊት መወሰድ አለበት፤ ከአጭሩ ሽቦ ብቻ ከተወሰደ ሾፌሩ ረጅሙን ባበራ ቁጥር መብራቱ ይሸሸጋል። አንዳንድ የ1960ዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች አካላቸው የታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ስለሆነ፣ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት ይህም ይታይ።

ሙከራው ኤንጂኑ ጠፍቶም ተነሥቶም ይደረጋል፤ አንድ ጊዜም በማለዳ፣ ክዳኑ ላይ አመዳይ እንዳለ። በመጨረሻ መኪናው በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቁምና የአጭሩ መብራት የላይኛ ጠርዝ ከመብራቱ መሐል ቁመት 10 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል በማስተካከያው ብሎን ይቃናል። ብሎኑ በተነካ ቁጥር የጎማው ቡሽ መጨመቅና የአክቹዌተሩ መቆም እንደገና ይፈተሻል። ከእንግሊዝ የመጣ መኪና ከሆነ መብራቱ ወደ ግራ የሚያጋድል ስለሆነ፣ በቀኝ ለሚነዳበት አገራችን በተሠራ መብራት መተካት ይኖርበታል።