ከጀማሪ ፓፕ እስከ ሃንድለር፦ ሳይቸኩሉ ሚናን ማግኘት

ፓፕ ፕሌይ አዋቂዎች ለተወሰነ ሰዓት እንደ ቡችላ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ቡችላ የሚሆነው "ፓፕ"፣ የሚንከባከበው ሰው "ሃንድለር" ይባላል። የውሻ ጭምብል ያጠልቃሉ፣ በእጅና በጉልበት ይሄዳሉ፣ ኳስ ያባርራሉ። ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ እኛ ዘንድ ሰውን "ውሻ" ማለት ስድብ ነዋ! እነሱ ግን ቃሉን ሲሰሙ ጭራ መቁላት ነው የሚታያቸው። መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ያደገው፣ ቆዳ የሚለብሱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ማህበረሰብ ነው። በ2016 ቻናል ፎር በእንግሊዝ ዶክመንተሪ ካቀረበበት ወዲህ ብዙ ሰው አውቆታል። ለአንዳንዱ ከወሲብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለሌላው ከሥራ ጭንቀት ማረፊያ ብቻ። ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ግን ቦታ የለውም።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ማዕረግ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ዕቃ ይገዛሉ፣ መጫወቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እናንተ ገልብጡት።

1. ከጉልበት ጀምሩ

ውድ ጭምብል ይቆያችሁ። ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሠራተኞች የሚያስሩት ዓይነት የጉልበት መከላከያ ግዙ። ያለ እሱ ሲሚንቶ ላይ አሥር ደቂቃ ብትሄዱ በማግስቱ ደረጃ መውጣት ያቅታችኋል። ጨዋታውን ከወደዳችሁት በኋላ ጭምብሉን ትደርሱበታላችሁ። ከኒዮፕሪን የተሠራው ይለሰልሳል፣ ከቆዳውም ይረክሳል። ሁለቱም ግን ላብ በላብ ያደርጋሉ፤ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

2. የማቆሚያ ምልክት ተስማሙ

ይህን የሚዘል ሰው ጋር አትጫወቱ። ብዙዎች የትራፊክ መብራት ይጠቀማሉ፦ አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል፣ ቀይ አቁም። አፉ የተሸፈነ ሰው ግን እንዴት "ቀይ" ይላል? ስለዚህ የእጅ ምልክትም ያስፈልጋል። ለምሳሌ ወለሉን ወይም የባልንጀራን ትከሻ ደጋግሞ መምታት፣ ልክ ትግል ላይ እጅ እንደሚሰጥ ሰው።

3. አእምሯችሁ እስኪለቅ ጠብቁ

"ሄድስፔስ" ይሉታል፤ ሐሳብ ጸጥ ብሎ ሰውነት ብቻ የሚጫወትበት ሁኔታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሳፍራሉ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካችሁ "አሁን ማን እያየኝ ነው?" ትላላችሁ። የነገ ስብሰባ ትዝ ይላችኋል። ጭምብሉ ውስጥ የራሳችሁ ትንፋሽ ይሰማችኋል። ከዚያ አንዱ ኳስ ያንከባልላል። ልሂድ አልሂድ ሳትሉ ከተነሣችሁ፣ ገብታችኋል። በመጀመሪያው ቀን ካልመጣ አታስመስሉ። ማስመሰል ያደክማል፤ ደግሞም ያስታውቃል።

4. ስሙ ራሱ ይምጣ

አገር ቤት ለውሻ "መቻል" የሚል ስም የሚያወጣ ሰው መልእክቱ ለጎረቤት ነው። የፓፕ ስምም እንደዚያው ለሌሎች የሆነ ነገር ይናገራል። የሚያስፈራ ስም ይዞ መጥቶ፣ ጥግ ላይ ተኝቶ ሆዱን መታከክ ብቻ የሚወድ አለ። ባህሪያችሁ እስኪለይ ጊዜያዊ ስም ያዙ። ተጫዋች ናችሁ? ዓይን አፋር? ነካሽ? አብረዋችሁ የሚጫወቱት ከእናንተ ቀድመው ይነግሯችኋል።

5. ሚና

አልፋ ቡድኑን ይመራል፣ ቤታ ይከተላል፣ ስትሬይ ባለቤት የሌለው ነው። ሃንድለር ደግሞ ሰው ሆኖ ፓፑን ይንከባከባል። በመጀመሪያው ቀን "አልፋ ነኝ" ብሎ የመጣ ሰው፣ እውነቱን ልናገር፣ አይጥመኝም። መሪነት ሌሎች ሲከተሉ የሚታይ ነገር ነው።

ሃንድለርነትም ከሩቅ ትእዛዝ መስጠት ይመስላል። ሥራው በአብዛኛው ማየት ነው፦ ውሃ ጠጥቷል? ጉልበቱን እያሻሸ ነው? ድንገት ዝም ያለው ደስ ብሎት ነው ወይስ ከፍቶት? ይህን ለመማር ራስን ወለል ላይ አግኝቶ ማየት ይጠቅማል። ብዙ ጥሩ ሃንድለሮች በፓፕነት የጀመሩ ናቸው።

የአንገት ቀበቶን በተመለከተ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ የተንጠለጠለበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ "ባለቤት አለኝ" ማለት ነው። ሳትጠይቁ የማንንም አትንኩ። እናንተም በተዋወቃችሁ ሰሞን "ቀበቶ ላስርልህ" የሚላችሁን አመስግናችሁ እለፉ። ወራት አብራችሁ ከተጫወታችሁ በኋላ ጥያቄው ካለ ያኔም ይኖራል።

6. ሲለወጥ ተናገሩ

ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ሚናው ሊጠባችሁ ይችላል። ፓፕ የነበረው መንከባከብ ያምረዋል፤ አልፋው መምራት ይሰለቸዋል። አንዳንዱ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይኖራል። ይህን ለባልንጀራችሁ በጨዋታ መሃል አትንገሩት። ጭምብሉ ይውለቅ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ቡና አዝዛችሁ እንደ ሰው ተቀመጡ። ቀበቶ የሰጣችሁ ሰው ከሆነም ይዛችሁት ሂዱ፤ ይመለስ ወይስ ይቆይ የሚለውን እዚያው ትነጋገራላችሁ።