የፊዚክስ መልሱ እምቢ ሲል ስህተቱን ከቁጥሩ ማግኘት

ፎርሙላውን በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ቁጥሮቹን አስገብታችኋል፣ ካልኩሌተሩም አልተሳሳተም። መልሱ ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ወይም አለ፣ ግን ትክክለኛው አይደለም (ፈተና አውጪ የትኛው ስህተት እንደሚበዛ ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ያስቀምጠዋል)። ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከመጀመራችሁ በፊት የተሳሳተውን ቁጥር እስቲ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የት ጋ እንደሳታችሁ እሱው ይናገራል።

ርቀቱ ያለቅጥ ረዘመ

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሹፌሩ ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ ቆመ። ፍጥነቱ በእኩል መጠን ከቀነሰ ስንት ሜትር ሄዶ ቆመ? አማካዩ 36፣ በ4 ሲባዛ 144 ሜትር ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። 144 ሜትር እኮ ከኳስ ሜዳ ይረዝማል! ችግሩ ጊዜው በሰከንድ፣ ፍጥነቱ ግን በሰዓት መሆኑ ነው። መጀመሪያ 72ን ለ3.6 አካፍሉ፣ 20 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። አማካዩ 10፣ በ4 ሲባዛ 40 ሜትር፣ አለቀ። መልሳችሁ በ3.6 እጥፍ ከበለጠ ወይም ካነሰ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

በ60 ሄዶ በዚያው መንገድ በ40 ለተመለሰ ሰው ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ 50 ሳይሆን 48 ነው። ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ነው የሚካፈለው፣ በ40 ሲመጣ መንገድ ላይ የሚቆየው ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

የሰጠመው ድንጋይ ዴንሲቲው ከ1 በታች ወጣ

መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ፤ 54 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ሲገባበት ውሃው 70 ላይ ደረሰ። ዴንሲቲ ግራሙ ለቮሊዩሙ ሲካፈል ነውና 54ን ለ70 ካካፈላችሁ 0.77 ታገኛላችሁ። የውሃ ዴንሲቲ 1 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ ይሄ ድንጋይ መንሳፈፍ ነበረበት፣ እሱ ግን ታች ቁጭ ብሏል። 70ው ውሃውም ድንጋዩም አንድ ላይ ናቸው፣ የድንጋዩ ቮሊዩም 20 ብቻ ነው። 54 ለ20፣ 2.7።

ወደ ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ስትቀይሩ በ1000 አባዙ፣ 2700 ይሆናል። 0.27 ወይም 27 ከመጣ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ሴንቲ ሜትር ኩብ እንደሆነ ተምታቶባችኋል፦ 100 ወይም 10,000 ሳይሆን 1,000,000 ነው።

ሳጥኑ ወደ ገፋው ሰው መጣ

ይሄኛው ብዙ ተማሪ ይጥላል። 20 ኪሎ ግራም ሳጥን ወለል ላይ ቆሟል፣ የስታቲክ ፍሪክሽን (የቆመ ነገር እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ) ኮኢፊሸንቱ 0.5 ነው፣ g (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት) 10 ነው፣ አንድ ሰው በ60 ኒውተን ወደ ጎን ገፋው። ፍሪክሽኑ ስንት ነው? ተማሪው ወዲያው 0.5ን በ200 አባዝቶ 100 ኒውተን ይላል። እሺ፣ ቀስቶቹን ሳሉአቸው፦ 60 ወደ ፊት፣ 100 ወደ ኋላ። ስለዚህ ሳጥኑ ራሱ ተነስቶ ወደ ሰውዬው ሊመጣ ነው ማለት ነው! 100 ፍሪክሽኑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ሁሌም ያለ መጠን አይደለም። ሳጥኑ እስካልተነቃነቀ ድረስ ፍሪክሽኑ ልክ የተገፋውን ያህል ነው፣ 60። ሰውዬው በ90 ቢገፋ 90 ይሆናል። ከ100 ሲያልፍ ሳጥኑ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በኋላ በኪነቲክ ፍሪክሽን (በሚንሸራተት ነገር ላይ ባለው ሰበቃ) ነው የምትሰሩት።

«በቋሚ ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል» የሚል ካያችሁም የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ነው። ስለሚንቀሳቀስ ብቻ የተረፈ ኃይል አትፈልጉለት።

መልሱ 10 እጥፍ ሆነ

ማስና ክብደት ተቀያይረዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ማሱ 100 ኪሎ ግራም ነው፣ ክብደቱ 1000 ኒውተን ገደማ። ልዩነቱ ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ከሆነ ግን እናንተ gን 10 ብላችሁ መልሱ በ9.8 ተሰርቶ ይሆናልና ጥያቄው የሰጣችሁን ተመልሳችሁ እዩ።