ሁለት የኔትወርክ ቡድኖችን እንዴት እናወዳድራለን? ታርጋ በመበወዝ

ስምንት ሰዎች የአንጎል ኤምአርአይ ተነሱ እንበል። አራቱ እንቅልፍ ጠግበው መጥተዋል፤ አራቱ ሌሊቱን ዓይናቸው ሳይከደን አድረዋል። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ኔትወርክ እናወጣለን። የአንጎል ክፍሎች ነጥብ ይሆናሉ፤ አብረው የሚሠሩትን በመስመር እናያይዛለን። የሁለቱ ቡድን ኔትወርክ የምር ይለያያል ወይስ እንዲያው አጋጣሚ ነው?

መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ ስፈሩ። የነጥቦቹ አከፋፈል ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የመስመሮቹም ብዛት እኩል ይሁን። አለበለዚያ አንዱ መስመር ስለበዛለት ብቻ የተለየ ይመስላል።

ከዚያ የምትለኩትን ነገር ወስኑ፤ ውጤቱን ሳታዩ። እኔ ክላስተሪንግን ልውሰድ፦ የአንድ ነጥብ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይያያዛሉ? መልሱ በ0 እና በ1 መካከል ነው። ለማሳያ ቁጥሮቹን እኔው ልስጣችሁ። የተኙት፦ 0.52፣ 0.48፣ 0.54፣ 0.50። ያልተኙት፦ 0.45፣ 0.44፣ 0.39፣ 0.40። አማካያቸው 0.51 እና 0.42፤ ልዩነቱ 0.09።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ልዩነት ከሌለ «የተኛ» የሚለው ታርጋ ማንም ላይ ቢለጠፍ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ታርጋዎቹን እንደ ካርታ በውዙና ልዩነቱን እንደገና አስሉ። ስምንት ሰው አራት አራት ሆኖ የሚከፈልበት መንገድ 70 ነው። ከ70ው ውስጥ ልዩነታቸው፣ የትኛውም ቡድን ቢበልጥ፣ 0.09 የሚደርሰው ሁለት ብቻ ናቸው፦ የራሳችን አከፋፈልና ግልባጩ። 2 ለ70 ሲካፈል 0.029 ገደማ፤ ፒ ቫሊዩ የሚባለው ይኸው ነው። በተለምዶ ወሰን ከሚደረገው 0.05 ያንሳል፤ ስለዚህ ልዩነቱን እንዲያው አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሻይ ውስጥ ወተት ቀድሞ መግባቱን በጣዕም አውቃለሁ ያለች ሴት አራት ለአራት በተከፈለ 8 ስኒ ስለምትፈተንበት መንገድ የጻፈው ስሌትም ያው 70 ነው።

ሦስት ለሦስት ከሆናችሁ ግን አትልፉ። መንገዱ 20 ብቻ ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ስትፈትኑ ከ0.1 በታች አትወርዱም። አስር ለአስር ሲሆን ደግሞ 184,756 ይደርሳል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ 10,000 ጊዜ በዘፈቀደ ይበውዝላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስመሮቹን ሲበውዝ ነው። የሚበወዘው ሰው ነው! የአንድ አንጎል መስመሮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ እንደ ሺህ ምስክር አይቆጠሩም።

የትኛው መስመር እንደተለየ ማወቅ ካማራችሁ ተጠንቀቁ። 90 ነጥብ 4,005 መስመር ያወጣል። እያንዳንዱን በ0.05 ብትፈትኑ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ወደ 200 የሚሆኑት «ተለየን» ይሏችኋል። መላው እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ብወዛ ከሁሉም መስመሮች ትልቁን ልዩነት ብቻ መዝግቡ፤ እውነተኛዎቹን መስመሮች ከዚያ ጋር አወዳድሩ።

በመጨረሻ ሰዎቹ ማሽኑ ውስጥ ራሳቸውን ምን ያህል እንዳንቀሳቀሱ እዩ። እንቅስቃሴ መስመሮቹን ያዛባል። ቡድኖቹ በዚያም ከተለያዩ፣ ያገኛችሁት የእንቅልፍ ሳይሆን የአንገት ልዩነት ሊሆን ይችላል።