ማስመሪያ ስንቀልብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ በጥር ጠዋት የፊዚክስ ሙከራ ማሠራት ጣጣ አለው። የተማሪው እጅ ከኪስ አይወጣም፣ ቢወጣም ጣቱ ደንዝዟል። የምላሽ ጊዜ ሙከራ፣ ማለትም ዓይን ካየ በኋላ እጅ እስኪንቀሳቀስ የሚያልፈውን ጊዜ መለካት፣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የጣት ሥራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ከላይ ይይዛል። ሌላው ዜሮው ጋ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል። ሲለቀቅ ይቀልባል። የወደቀው ርቀት በሜትር ይጻፍና በ2 ይባዛል፣ ለ9.8 (የመሬት ስበት ቁጥር) ይካፈላል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። 20 ሴንቲ ሜትር ከወደቀ 0.20 ሰከንድ ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መልቀቅ ነው። አንዴ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ 3 ሴንቲ ሜትር!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሲሰላ 0.08 ሰከንድ አይሞላም። ልጁ ማስመሪያውን አይቶ አልያዘም፣ ቆጠራውን ሰምቶ ገምቷል። የዓለም አትሌቲክስ ሕግም ከተኩሱ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭን እንደቀደመ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዴቨን አለን በዓለም ሻምፒዮና የ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የተባረረው በ0.099 ተነስቶ ነው። በማስመሪያችን 0.1 ሰከንድ ማለት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በታች የመጣ ቁጥር ላይ ጥርጣሬ ይኑራችሁ። «ተዘጋጅ» በሉ፣ ከዚያ አንዴ ሁለት ሰከንድ፣ አንዴ አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ ልቀቁ።

ጣት ማስመሪያውን አይንካ። ከነካ ሲንሸራተት በቆዳ ይታወቃል፣ የምትለኩት ዓይንን መሆኑ ይቀራል። ዜሮውን ከአውራ ጣት የላይኛው ጠርዝ ጋር ካስተካከላችሁ ንባቡንም ከላይኛው ጠርዝ ውሰዱ። የጣት ውፍረት ብቻውን 2 ሴንቲ ሜትር ሊያዛባ ይችላል።

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የሚያምር ደብተር ነው። አንዷ ተማሪ 20፣ 20፣ 20.1፣ 20 ብላ ጽፋ አመጣች። «እውነት እንደዚህ መጣልሽ?» ስላት «እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው ቲቸር» አለች። ጓደኛዋ የመዘገበላትን ብጣሽ ወረቀት ስናይ ከ17 እስከ 23 ይዋልላል። የተሻለው ይህኛው ነው! 17 ሴንቲ ሜትር 0.19 ሰከንድ፣ 23 ደግሞ 0.22 ይሰጣል። ስለዚህ የልጅቷ መልስ 0.20 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.02 ነው። ክፍል ውስጥ አንሰርተንቲ (መልሱ ምን ያህል ሊዋልል እንደሚችል) የምንለው ይህችን 0.02 ነው። እሷ የደለዘችው እሱን ነበር።

በእንዲህ ያለ የሰው መለያየት ሥራውን ያጣ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1796 በእንግሊዝ የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ኔቪል ማስክሊን ረዳቱን ዴቪድ ኪንብሩክን አሰናበተ። ጥፋቱ ኮከብ በቴሌስኮፑ መስመር የሚያልፍበትን ሰዓት ከአለቃው 0.8 ሰከንድ ያህል አዘግይቶ መመዝገቡ ነው። ቆይቶ ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ቤሰል ጉዳዩን አጥንቶ የሠለጠኑ ተመልካቾችም እርስ በርስ እንደሚለያዩ አሳየ። ለኪንብሩክ ግን አልደረሰለትም።

ሌላው፣ ማስመሪያው ላይ ያለችውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደ ስህተት መቁጠር ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ እሷ የምታመጣው ለውጥ 0.0005 ሰከንድ ነው። የእጃችን መለያየት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 30 እጥፍ ይበልጣታል። ካልኩሌተሩ ያወጣውን 0.2020305 እንዳለ መገልበጥም ያው ነው። ከሁለተኛው አሃዝ በኋላ ያለው ጌጥ ነው።

«ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች 9.8 ይሠራል?» ያለኝም አለ። ጥያቄው ደስ ይላል። እዚህ 9.77 ገደማ ነው፣ ጊዜው ላይ የሚያመጣው 0.0003 ሰከንድ ያህል ብቻ። እለፉት።

የራሴን ስህተት ልናገር። አንድ ዓመት አንዱን ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አሠራሁ። የከሰዓቶቹ ፈጠኑ። እኔም «እነዚህ ንቁ ናቸው» ብዬ ደመደምኩ። የጠዋቶቹ አኮረፉ፣ እውነት ነበራቸው። የቀዘቀዘ ጣት ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው። ልዩነቱ የልጆቹ ይሁን የብርዱ ከእኔ ቁጥር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አሁን መጀመሪያ እጃቸውን ያፋትጋሉ። ከዚያ አምስቴ ለልምምድ ይቀልባሉ፣ እሱ አይመዘገብም። እስክሪብቶ የሚነሳው በስድስተኛው ነው።