በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ የፎቶኒክስ ምርምር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሦስት አገር የመጣን አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን ቆመናል። አንዱ አጋር ሌዘሩን ይዞ መጥቷል፤ ሌላው ቺፑን። የፋይበር ገመዱን ሰካነው። ክሊክ አለ። የብርሃን መለኪያው ላይ ግን የረባ ቁጥር የለም። ሌዘሩን አጠፋን፣ መልሰን አበራን። ጫፉን በአልኮል ጠረግን። ያው ነው። ግማሽ ቀን ከደከምን በኋላ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄኛው አረንጓዴ ነው፤ ያኛው ሰማያዊ» አለች።

ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። የአረንጓዴው ኮኔክተር (የገመዱ መሰኪያ) ጫፍ በ8 ዲግሪ ዘመም ተደርጎ ይወለወላል። የሰማያዊው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ብርሃኑ እዚያው ይባክናል፣ ጫፎቹም ሊጎዱ ይችላሉ። ትክክለኛው ገመድ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። የአሥራ አንድ ሰው የሁለት ቀን ደመወዝና የሆቴል ወጪ ከግብር ከፋዩ ኪስ ወጣ። የዚያን ቀን ቁጭት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ፎቶኒክስ ብርሃንን የማመንጨት፣ የመምራትና የመቀበል ሙያ ነው። በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ካኦ እንግሊዝ አገር ሃርሎ ከተማ ውስጥ ሲሠራ፣ መስታወት በደንብ ከጠራ ብርሃንን ረጅም መንገድ ሊያደርስ እንደሚችል አሳየ። በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ባለው ፋይበር (ቀጭን የመስታወት ክር) ውስጥ ብርሃን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም ግማሹ ይተርፋል።

አውሮፓ ለዚህ ዘርፍ ከፍተኛ ገንዘብ ታወጣለች። በ2013 መጨረሻ የአውሮፓ ኮሚሽን ከፎቶኒክስ ዘርፍ ጋር ሲፈራረም ከሕዝብ ገንዘብ 700 ሚሊዮን ዩሮ መደበ፤ ለ5ጂ ምርምርም ያንኑ ያህል። ከ2021 እስከ 2027 ለሚቆየው ሆራይዘን ዩሮፕ ለተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ሲጀመር በጠቅላላው 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ተመድቦለት ነበር። ከዚህ ውስጥ 900 ሚሊዮን ዩሮ 6ጂን ጨምሮ ለቀጣዩ ትውልድ ኔትወርክ ተመድቧል። እኔ በእንደዚህ ዓይነት ፕሮጀክቶች ውስጥ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በአንድ ትንሽ ኩባንያ በኩል ሠርቻለሁ። የምጽፈው አውሮፓ ውስጥ በየላቦራቶሪው ለምትሠሩና አገር ቤት ሆናችሁ «አጋራችን ሁኑ» የሚል ኢሜይል ለደረሳችሁ ነው።

አጋር በመጨረሻው ሳምንት መፈለግ

ደንቡ በአብዛኛው ከሦስት የተለያዩ የአውሮፓ ኅብረት አባል ወይም የፕሮግራሙ ተባባሪ አገሮች የተውጣጡ ቢያንስ ሦስት ተቋማትን ይጠይቃል። ቢያንስ አንዱ ከኅብረቱ አባል አገር መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሰው ቆጠራ ያየዋል። የማመልከቻው ቀን ሲደርስ ስልክ ይደወላል፤ «ስምህን ላስገባው?» ይባላል፤ ያም እሺ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፕሮጀክቱ ከጸደቀ በኋላ ያ አጋር ምን እንደሚሠራ ራሱም አያውቀውም።

ይህን ሥራ ከደቦ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ደቦ ላይ ግን አንድ ሰው ቢቀር ሌላው የሱን ትልም ያርሳል። እዚህ እንደዚያ አይሆንም። ሌዘር የሚሠራው ሰው ቢቀር ሶፍትዌር የሚጽፈው ሊተካው አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አጋር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ተቋም ነገ ቢወጣ የቱ ሥራ ይቆማል? መልሱ «ምንም» ከሆነ በጨዋነት ይቅርታ ጠይቁት። ወዳጅነቱ አይጎዳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ አብሮ መክረም ግን ይጎዳዋል።

ጥሪውን ትቶ የራስን ፍቅር መጻፍ

ጥሪ ማለት «በዚህ ጉዳይ ማመልከቻ አስገቡ» የሚለው የገንዘብ ሰጪው ማስታወቂያ ነው። ገምጋሚዎች በሦስት መስፈርት ነጥብ ይሰጣሉ፦ በሳይንሱ ጥራት፣ በሚያመጣው ለውጥና በአፈጻጸሙ። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል፤ ድምሩ 15 ነው። ለማለፍ በተለምዶ ከእያንዳንዱ 3፣ በድምሩ ደግሞ 10 ያስፈልጋል። 12 አምጥተው ሲደሰቱ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ማለፊያውን መርገጥ ገንዘብ ማግኘት አይደለም። ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይታደልና እናንተ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ነጥቡን ከሚጥሉት ነገሮች ዋነኛው የቴክኖሎጂ ዝግጁነት ደረጃን ማምታታት ነው። ከናሳ የመጣ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለ። 3 ላይ ያለ ሐሳብ በላቦራቶሪ ውስጥ ገና የሚፈተን ነው፤ 9 በእውነተኛ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ጥሪው 5 ላይ ጨርሱ ካለና እናንተ 3 ላይ የሚያልቅ የሚያምር ፊዚክስ ከጻፋችሁ፣ ፊዚክሱ የቱንም ያህል ቢያምር አይረዳችሁም።

መጋጠሚያውን ባለቤት አልባ ማድረግ

ወደ አረንጓዴና ሰማያዊው ገመድ ልመለስ። ማንም ሰነፍ አልነበረም። ሌዘሩን የሠራው ቡድን ሥራው ግሩም ነው። ቺፑን የሠራውም እንደዚያው። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ግን በማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እኔ እስካየሁት ድረስ ከባዱ ኪሳራ ሁሌም እዚህ ነው ያለው፤ በሁለት ተቋማት መሃል በሚቀረው ክፍተት።

መድኃኒቱ አንዲት ገጽ ወረቀት ነች። በመጀመሪያው ወር ተዘጋጅታ ሁሉም ይፈርምባት። የሞገድ ርዝመቱ 1310 ናኖሜትር ነው ወይስ 1550? ኮኔክተሩ ምን ዓይነት ነው፣ ቀለሙስ? የብርሃኑ ኃይል ስንት ነው? ቺፑ የሚሠራው ለየትኛው የብርሃን አወዛወዝ አቅጣጫ ነው? የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅስ? የመለኪያው ውጤት በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጣል? ገመዱንስ ማን ነው የሚያመጣው? የመጨረሻው ጥያቄ እንዳያስቃችሁ። ለዚህች ወረቀት አንድ ሰው በስሙ ተጠያቂ ይሁን፤ ለውጥ ሲኖርም ለሁሉም ያሳውቅ። እኛ ከዚያ በኋላ በሠራነው ፕሮጀክት ይህን ያደረገችው ያቺው ተማሪ ነበረች። አንድም ጊዜ ገመድ አልጠበቅንም።

የመጀመሪያው ቺፕ ይሠራል ብሎ ማቀድ

የምርምር ቺፕ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በጋራ ዋፈር (ቺፖች በሚሠሩበት ስስ ክብ ሳህን) ላይ ነው። ብዙ ንድፎች አንድ ሳህን ላይ ተደርድረው ወጪውን ይካፈላሉ። ነገሩ ሚኒባስ ታክሲን ይመስላል፤ ግን እስኪሞላ አይጠብቅም፣ ቀጠሮው ሲደርስ ይነሣል። ንድፋችሁ ለአንድ ሳምንት ከዘገየ የሚቀጥለውን ዙር ትጠብቃላችሁ። እሱ ደግሞ ወራት ሊሆን ይችላል። ከገባም በኋላ ቺፑ እጃችሁ እስኪደርስ ሌላ ወራት አለ።

አሁን በ36 ወር ፕሮጀክት ላይ ቁጠሩት። ለንድፍ 6 ወር፣ ቀጠሮ ለመጠበቅ 2፣ ለማምረቻ 6፣ ለማሸግ (ቺፑን ከፋይበሩ ጋር አጣብቆ በሽፋን ለማኖር) 3፣ ለመፈተሽ 3 ብትሉ 20ኛው ወር ላይ ናችሁ። ይህ ሁሉ የሆነው ምንም ሳይበላሽ ነው። የመጀመሪያው ቺፕ ደግሞ የሆነ ነገር ያስተምራችሁና ይሞታል፤ ባሕርይው ነው። ሁለተኛው ዙር በዕቅዱም በበጀቱም ውስጥ ከመጀመሪያው መኖር አለበት። የመጀመሪያውን ንድፍ ቀለል አድርጉት፤ ከሱ የምትፈልጉት መልስ እንጂ ሽልማት አይደለም። ውበቱን ለሁለተኛው አቆዩት።

ማሸጉን ለመጨረሻ መተው

የተለመደው ፋይበር ብርሃን የሚያልፍበት እምብርቱ 9 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በሲሊኮን ቺፕ ላይ ያለው የብርሃን መንገድ ደግሞ ወርዱ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ። ከእንስራ ወደ ብርሌ እንደ መቅዳት ነው። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ መሬቱ ይጠጣዋል። በዚያ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያስተካከላችሁት ይዛነፋል።

ስለዚህ ማሸግ ከቺፑ ራሱ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። የብዙ ፕሮጀክት በጀት ላይ ግን ከታች በአንዲት መስመር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አየርላንድ ኮርክ ከተማ ያለው ቲንዳል ተቋም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ንድፉ ከመዘጋቱ በፊት አማክሩ። የሚነግሯችሁ ነገር ቀላል ነው፤ ለምሳሌ የተለመደው የፋይበር ረድፍ በፋይበሮቹ መሃል 127 ወይም 250 ማይክሮሜትር ርቀት አለው። እናንተ 200 ላይ ከነደፋችሁ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ አይገጥምላችሁም፤ በልዩ ትዕዛዝ ታሠራላችሁ።

ቀድሞ አሳትሞ ኋላ ፓተንት ማሰብ

በአውሮፓ የፓተንት ሕግ አንድ ነገር ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ አዲስ መሆኑ ያበቃል። ጉባኤ ላይ የተሰቀለ ፖስተርም መግለጥ ነው። አሜሪካ ለፈልሳፊው የአንድ ዓመት ፋታ ይሰጣል፤ አውሮፓ ላይ በዚያ አትመኩ። የሆራይዘን ዩሮፕ ውል ውጤት ከመውጣቱ ቢያንስ 15 ቀን በፊት አጋሮችን ማሳወቅ ያዝዛል፣ በሌላ ካልተስማሙ በቀር። ጽሑፉ በሚላክበት ዋዜማ ሌሊት «እንዲያው ለመረጃ ያህል» ተብሎ የሚላክ ኢሜይል ይህን አያሟላም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ ፕሮጀክቱ ይዘነው የገባነውን ዕውቀት አለመመዝገብ ነው። የቆየ ንድፍ፣ የቆየ ኮድ፣ የቆየ ፓተንት ይኖራችኋል። በአጋሮች ስምምነት ውስጥ ካልተዘረዘረ፣ ሁለት ዓመት አብረው ከሠሩ በኋላ «ይሄ የእኔ ነበር» የሚል ክርክር ይነሣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዝርዝሩን ጻፉ፤ ማን እንዲጠቀምበት እንደምትፈቅዱና እንደማትፈቅዱም ጻፉ።

ገንዘቡን በግማሽ ማንበብ

«100 በመቶ ይሸፈናል» የሚለውን ሰምቶ የሚገባ ትንሽ ኩባንያ ብዙ ነው። ለምርምር ዓይነቱ ፕሮጀክት እውነት ነው። ወደ ገበያ በሚጠጋው ዓይነት ግን ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት በተለምዶ የሚያገኘው 70 በመቶ ነው። ለኪራይ፣ ለመብራትና ለመሳሰለው በቀጥታ ወጪው ላይ 25 በመቶ ይታሰባል፤ ንዑስ ተቋራጭ ላይ ግን አይታሰብም።

መሣሪያ ስትገዙ ተጠንቀቁ። በተለምዶ የሚመለሰው የዋጋው ሙሉ ሳይሆን የእርጅና ቅናሹ ነው። 60,000 ዩሮ የሚያወጣ፣ 5 ዓመት የሚያገለግል መለኪያ ብትገዙና ፕሮጀክቱ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሠራ የምታገኙት 24,000 ነው። ቀሪው ከኪሳችሁ ነው። የመጨረሻው ክፍያም የሚመጣው ሁሉም አልቆ፣ ሪፖርቱ ጸድቆ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ኩባንያ ሥራውን በሚገባ ጨርሶ ክፍያውን ሲጠብቅ ሁለት ሠራተኛ አሰናበተ። ያሳዝናል።

የሥራ ቀናችሁንም በየወሩ መዝግባችሁ አስፈርሙ። የቀን ዋጋው የሚወጣው የዓመቱ ወጪ ለ215 ቀን ተካፍሎ ነው። ወረቀቱ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላም በተለምዶ 5 ዓመት ይቀመጣል። በአንድ ድምር የሚከፈልባቸው ጥሪዎች ይህን አይጠይቁም፤ በምትኩ ያላለቀ የሥራ ጥቅል (ፕሮጀክቱ ከተከፋፈለባቸው የሥራ ክፍሎች አንዱ) አይከፈልበትም።

መዘግየትን መደበቅ

ቺፑ ከዘገየ ፕሮጀክታችሁን በገንዘብ ሰጪው በኩል ለምትከታተለው ኃላፊ ወዲያው ንገሯት። ውል ይሻሻላል። በሪፖርቱ ላይ «በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው» ብሎ መጻፍ ለስድስት ወር እፎይታ ይሰጣል። ከዚያ ግምገማው ይመጣና ከውጭ የተጠራው ባለሙያ «እስቲ አሳዩኝ» ይላል።

የአፍሪካ አጋርን ለማሟያ መጥራት

የኢትዮጵያ ተቋማት በሆራይዘን ዩሮፕ በአብዛኛው ገንዘብ ለማግኘት ብቁ ናቸው። አንዳንድ ጥሪዎች፣ በተለይ እንደ ኳንተም ባሉ ስሱ ዘርፎች፣ ተሳትፎን ስለሚገድቡ የእያንዳንዱን ጥሪ መስፈርት አንብቡ። ያለ በጀት፣ ያለ የሥራ ጥቅል፣ «የሥልጠና አውደ ጥናት ታዘጋጃላችሁ» ብቻ ከተባላችሁ ግን ቆም በሉ። እኛ አገር ፋይበር በየመንገዱ ቁፋሮ እየተበጠሰ ሲጠገን የሚውል ቴክኒሻን፣ የኔትወርክን ችግር በርሊን ካለ ተመራማሪ በላይ ያውቃል። ያንን ዕውቀት የሥራው አካል አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ለሱም የሰው ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር የሚሠራው ሥራ) አስመድቡ።

ከመጨረሻው ወር በፊት

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የዶክትሬት ተማሪው ሥራ ይቀይራል፤ ኢሜይሉ ይዘጋል። የቺፑ ንድፍ ፋይል በሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። የተረፉት ቺፖች ስም ባልተጻፈበት ትንሽ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ኩባንያ «ቺፑን ልግዛ» ብሎ ሲጠይቅ የትኛው ቺፕ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው። 30ኛው ወር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡ። ሣጥኖቹ ላይ ቁጥር ጻፉ። ፋይሉን ሁለት አጋሮች ጋ አስቀምጡ። የመለኪያ ውጤቱን ከነማብራሪያው በክፍት ማኅደር ላይ ጫኑ። የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ገመድ ልክም አብራችሁ ጻፉ።