ከወንድምና ከእህት ጋር የወረሱትን ቤት እንዴት መሸጥ ይቻላል?

አባታችን ሲያርፉ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት፣ በገጠር ደግሞ የእርሻ መሬት ትተውልን ነበር። ታላቅ በመሆኔ ወንድሞቼና እህቶቼ ውርስ አጣሪ፣ ማለትም የሟችን ንብረትና ዕዳ አጣርቶ ለወራሾች የሚያስረክብ ሰው፣ እንድሆን ተስማሙ፤ እኔም አጣሪነትን ከባለቤትነት ጋር አምታትቼው ስለነበር ሽያጩን ለስድስት ወር የሚያጓትት ስሕተት ሠራሁ።

በመጀመሪያ የሚሸጠውን ከማይሸጠው ይለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የእርሻ መሬት አይሸጥም፤ ለወራሾች የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ጉዳዩም የሚታየው በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ቤቱ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ከሆነ ደግሞ ግማሹ የእናት ነው፤ ይህ ድርሻ ከውርሱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ እርሳቸው ካልፈረሙ የሚሸጠው የሟች ግማሽ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ኑዛዜ ከሌለ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 ልጆችን ሁሉ እኩል ወራሽ ያደርጋል፤ ያገባችም ያላገባችም፣ ከሌላ እናት የተወለደም ያው ነው። ቀድሞ የሞተ ወንድም ካለ ልጆቹ በእርሱ ቦታ ይገባሉ። አጎቶቻችን «ያገባች ሴት ድርሻዋን በሠርጓ ጊዜ ወስዳለች» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሕጉ እንዲህ አይልም።

አጣሪው ኑዛዜ ይፈልጋል፣ ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የተረፈውን ለወራሾች ያስረክባል። የቀብር ወጪ ከውርሱ በቅድሚያ ይከፈላል፤ የተዝካር ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም፤ እኛ ዘንድ ተዝካሩ ከቀብሩ ስለሚበልጥ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ቤት ለመሸጥ የሁሉም ወራሾች ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ፍርድ ቤቱን ሳያስፈቅዱ ምንም አይጀምሩ።

አጣሪ ስለሆንኩ መሸጥም የምችል መስሎኝ ነበርና፣ እኔን ያሰናከለኝ ውክልና ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በዚያ በሚገኘው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና ልካልኝ ነበር፤ ሰነዱ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ፣ በስሜ ጉዳዬን እንዲከታተልልኝ» ይላል። ገዢ አግኝቼ፣ ቀብድም ተቀብዬ፣ ውሉን ለማስመዝገብ ስንቀርብ ጸሐፊው ወረቀቱን አንብቦ «መሸጥ የሚል የለውም» ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ስለዚህ ውክልናው ቤቱን በአድራሻውና በካርታው ቁጥር ጠቅሶ፣ «ድርሻዬን እንዲሸጥልኝ፣ ዋጋውን እንዲቀበልልኝ፣ የስም ዝውውሩን እንዲፈጽምልኝ» ማለት አለበት። ረቂቁን አስቀድመው በአገር ውስጥ ጠበቃ አስጽፈው ይላኩ እንጂ ለኤምባሲው የተዘጋጀ ቅጽ አይተዉት። ሰነዱ ከመጣ በኋላም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን አይርሱ። እኔ ይህን ሁሉ እንደገና ሳስጨርስ ገዢው ታክቶት ቀብዱን መለስኩለት።

አንዱ አልሸጥም ካለ በቅድሚያ ሽማግሌ ይላኩበት፤ ድርሻችሁን ልግዛ ቢል ዕድል ይስጡት። ካልሆነ ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል መጠየቅ ስለሚችል፣ ቤቱም በዓይነት የማይከፈል ከሆነ፣ ነገሩ በፍርድ ቤት ወደ ሐራጅ ይሄዳል። ሐራጅን ቤተሰብ የሚያቃቅር የመጨረሻ መንገድ አድርጌ አየዋለሁ።

የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ይመዝገብ (አንቀጽ 1723)፤ በደላላ ቤት የተፈራረሙት ወረቀት አይበቃም። ገንዘቡ በቀጥታ በየወራሹ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ አጣሪው የከፈለውን ዕዳና ግብር በደረሰኝ አስደግፎ ሂሳቡን ለሁሉም ያቅርብ፣ ሁሉም አንብበው ይፈርሙበት።